የወሰኑ ሣር

ሰኔ ሲገባ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ተዳፋት መሬት ላይ፤ ከላይ የደምለው እርሻ፣ ከታች የታላቅ እህቱ የይታይሽ ማሳ፣ በመሃላቸው ወሰን የሆነው ሣር፤ ደምለው የአረም መድኃኒት መርጫ ፓምፕ አዝሎ መጥቷል፣ ይታይሽ ሣሩ ላይ ቆማ አላሳልፍም ብላለች።

ይታይሽ፦ እርጨኝ እንጂ! ምን ትጠብቃለህ? እኔም እዚህ ሣር ላይ የበቀልኩ አረም ነኝ፣ እርጨኝና ይለይልህ!

ደምለው፦ እታለም፣ ዞር በይ ብያለሁ። ሰው ያየናል።

ይታይሽ፦ ማነው የሚያየን? ማዶ የታሰረችው አህያ?

ደምለው፦ እሷም ብትሆን ትታዘባለች። ዞር በይልኝ፣ አፈር ስሆን! ሰማዩን አታዪም እንዴ? ይሄ መድኃኒት ቅጠሉ ላይ ካረፈ በኋላ ደርቆ መዋል አለበት። ዝናብ ከቀደመው አጥቦ ይወስደዋል፣ ልፋቴ ሁሉ ከንቱ ነው።

ይታይሽ፦ እንዴ! ዝናብ አይችልም?

ደምለው፦ አይችልም።

ይታይሽ፦ ምስኪን። እስከ መቼ ነው ደርቆ መዋል ያለበት?

ደምለው፦ ሻጩ፣ ረጭተህ እስኪመሽ ካልዘነበ አለቀለት ብሎኛል።

ይታይሽ፦ እስኪመሽ። እሺ፣ እንግዲያው ቁጭ በልና እንነጋገር።

ደምለው፦ የምን ቁጭ ማለት ነው? ይሄን ሙሉ ፓምፕ ተሸክሜ? ማንገቻው ትከሻዬን ሊቆርጠው ነው!

ይታይሽ፦ አውርደዋ።

ደምለው፦ አላወርድም! ካወረድኩት ትቀመጪበታለሽ።

ይታይሽ፦ እኔ?

ደምለው፦ አንቺ! አላውቅሽም እንዴ? ልጅ ሆኜ ወንዝ እንዳልሄድ ሱሪዬ ላይ ተቀምጣ ያዋለችኝ ማን ነበረች?

ይታይሽ፦ ወንዙ ሞልቶ ነበራ! እንኳንም ተቀመጥኩበት። ይኸው አድገህ እኔን ለመገላመጥ በቃህ።

ደምለው፦ እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ዞር በይ።

ይታይሽ፦ አልዞርም። ባለፈው ሳምንት ገበያ መሄዴን ጠብቀህ ከግራሩ እስከ ወሰን ድንጋዩ ያለውን ረጨኸው። ስመለስ ገና እርጥብ ነበር፣ ሽታው አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። ዛሬ ሄደህ ተመልከተው፣ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። ይሄ አልበቃ ብሎህ ትላንት በሬ ጠምደህ ገባህበት!

ደምለው፦ የሞተ ሣር ነዋ! ምን ላድርገው፣ ተዝካር ላውጣለት?

ይታይሽ፦ ቀልድ አሁን። ቀልድ።

ደምለው፦ ወሰን ገፋህ ልትይኝ ከሆነ በግልጽ በይኝ። ሽማግሌ ፊት አቁሚኝ!

ይታይሽ፦ ወሰን የሚገፋ ሰውማ ቢያንስ ያፍራል። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ነው የሚቆርሰው፣ ያውም ዙሪያውን አይቶ። አንተ መች ገፋኸው? ገደልከው እንጂ!

ደምለው፦ ሰርዶ ነው እታለም! ሰርዶ! እግዚአብሔር ያሳይሽ፣ እኔ እርሻ የሚበላ ሣር አላውቅም፣ ይሄኛው ግን ይበላል። በየክረምቱ ሥሩን በመሬት ውስጥ ወደ እርሻዬ ይልካል። በዚህ ነቀልኩት ስትዪ በዚያ ብቅ ይላል። አረስኩት፣ ጎለጎልኩት፣ ፀሐይ ላይ አውጥቼ አሰጣሁት፤ አንዲት ቁራጭ ከቀረች መልሳ ትወልዳለች። ስንዴዬን ከዚህ ዳር ጀምሮ እያነቀው ነው።

ይታይሽ፦ እሱን አልክድህም። ሰርዶ ክፉ ነው።

ደምለው፦ እሰይ! እግዜር ይመስገን፣ አንድ ነገር አመንሽ።

ይታይሽ፦ ዳር ዳሩን ቆፍረህ ሥሩን ቁረጠው። አባባ እንደሱ አልነበር የሚያደርገው?

ደምለው፦ አባባ ወንፈል ነበረው! አንድ ቀን ድምፁን ካሰማ አገር ምድሩ መኮትኮቻ ይዞ ይወጣ ነበር። ዛሬ እኔ ማንን ልጥራ? ወጣቱ ሁሉ ከተማ ገባ። የቀረነው እኔና ስንዱ ነን። ባለቤቴ ካምናው አረም ወዲህ ወገቧ እንዳልቀና ታውቂያለሽ። ጠዋት ስትነሣ ግድግዳ ይዛ ነው። መድኃኒቱን የገዛሁት ለጌጥ አይደለም፣ እሷን ከማጎንበስ ላድናት ብዬ ነው!

ይታይሽ፦ ስንዱ ታሳዝነኛለች። በእውነት ነው የምልህ። አምና አብሬያት ሳርም ማታ ማታ እግሯን እያሸሁላት ነበር።

ደምለው፦ ታዲያ!

ይታይሽ፦ ታዲያማ እርሻህ ውስጥ እርጭ አልከለከልኩህም። እርሻህ ነው። ደስ ባይለኝም አፌን ይዤ ነው የከረምኩት። ወሰኑ ግን የብቻህ አይደለም። ግማሹ የእኔ ነው። እኔ የቆምኩበት በኩል የእኔ ነው።

ደምለው፦ የቱ ጋ ነው ያንቺ? ዞር ዞር አትበያ፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ!

ይታይሽ፦ አንተ በሄድክበት ሁሉ የእኔ ነው።

ደምለው፦ ወይ ጉድ!

ይታይሽ፦ ያንን ዘንግ ወደ እኔ አታዙር።

ደምለው፦ አላዞርኩም። ነፋሱ ነው የሚገፋው።

ይታይሽ፦ ነፋሱስ ወደ ማን ይመስልሃል የሚነፍሰው? ወደ ፊትህ። ብትረጭ የሚመጣው አንተው ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ዓይንህ ቀልቶ ስንዱ ወተት ስታንጠባጥብልህ ያመሸችው ምን ሆነህ ነው?

ደምለው፦ አቧራ ገብቶብኝ ነው።

ይታይሽ፦ አቧራ። እኔን ነው የምታታልለው? አፍህን በነጠላ ጠምጥመህ፣ ዓይንህን እንደገለጥክ መርዝ ትረጫለህ፣ ከዚያ አቧራ ትለኛለህ።

ደምለው፦ መርዝ አትበይው። መድኃኒት ነው።

ይታይሽ፦ ጠጣዋ።

ደምለው፦ ኧረ እመብርሃን! አንቺ ሰው ሴት ነሽ ወይስ ጠበቃ? ተመልከቺ፣ ጉሙ ከተራራው ወርዷል። ዞር በይ!

ይታይሽ፦ ይውረድ። ወራቱ ነው።

ደምለው፦ እሺ፣ አንቺ ምን ቸገረሽ? አታርሺ፣ አትረጪ! መሬትሽን ጭድ አልብሰሽ አስተኝተሻል። ሰዉ ምን እያለሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ? የይታይሽን መሬት ብርድ ብርድ ይለዋል መሰል ጋቢ ደርባለታለች እያሉ ይስቃሉ።

ይታይሽ፦ ይሳቁ። ጋቢውን ገለጥ አድርገህ እጅህን ሰደድ አድርግ እስቲ። አሁን፣ እዚህ፣ እግርህ ሥር።

ደምለው፦ ምን ላገኝ?

ይታይሽ፦ ሰደድ አድርግ አልኩህ እኮ።

ደምለው፦ ይኸው... ምንድነው ይሄ? እርጥብ ነው።

ይታይሽ፦ ከግንቦቱ ዝናብ የቀረ ነው። አንተ ጋስ እርጥበት አለ?

ደምለው፦ ደረቅ ነው እንጂ የእኔማ። ኧረ ይሄ ሁሉ ትል! ውይ፣ እጄ ላይ ወጣብኝ!

ይታይሽ፦ አትወርውረው! መልሰህ አስቀምጠው። እሱ ነው የሚያርስልኝ።

ደምለው፦ ትል ነው የሚያርስልሽ? ወንድምሽን አስወጥተሽ ትል ቀጠርሽ?

ይታይሽ፦ ምን ላድርግ? ባሌ ከሞተ ወዲህ ሞፈር ብይዝ ነውር ነው አላችሁኝ። ሴት በሬ ጠምዳ ብትወጣ ዝናብ ይቀራል የሚል እንኳ ነበር ከመሃላችሁ። ዶማ ግን ነውር ነው አላላችሁም፣ ረስታችሁት ነው መሰል። እኔም ዶማዬን ይዤ ወጣሁ። ዶማ ደግሞ የበሬን ያህል አይገፋም፤ መሬቱ እንዳይጠጥርብኝ ጭድ አለበስኩት፣ ፍግ አበላሁት፣ አረሙንም ጭዱ አፍኖ ያዘልኝ። ከማንም አልተማርኩትም። የሚያርስልኝ ሰው ስላጣሁ ነው።

ደምለው፦ የሚያርስልኝ ሰው ስላጣሁ? እኔ ምንድነኝ? ያን ሁሉ ዓመት ያረስኩልሽ እኔ አይደለሁም?

ይታይሽ፦ አርሰህልኛል። ለእኩል አርሰህ፣ ምርቱን እኩል ተካፍለናል። ግን መቼ ነበር የምትመጣው? የራስህን ትጨርሳለህ። የአማትህን ታርሳለህ። ከዚያ የወንፈል ባልንጀሮችህን ታዳርሳለህ። በሬዎቹ ምላሳቸውን ሲያወጡ፣ ያኔ እታለም ትዝ ትልሃለች። የእኔ መሬት ሁልጊዜ የሁሉ መጨረሻ ነበር። የሰው ባቄላ አበባ ሲያወጣ የእኔ ገና ዘር ነው። አንድ ቀን አፌን ሞልቼ ተናግሬህ አውቃለሁ?

ደምለው፦ አልተናገርሽም።

ይታይሽ፦ አልተናገርኩም። እዚህ ወሰኑ ላይ ቁጭ ብዬ በሬ እጠብቅ ነበር።

ደምለው፦ እሱን... እሺ፣ እሱን ተይው። ዘንድሮ ግን ምን እንዳደረግሽኝ ታውቂያለሽ?

ይታይሽ፦ ምን አደረግሁህ?

ደምለው፦ የበልጉ ዝናብ ጠብ ሲል በሬዎቼን ጠምጄ ወጣሁ። ስንዱን ጠይቂያት፣ ምስክሬ ናት። የራሴን አንድ ትልም እንኳ ሳልጀምር፣ ዘንድሮስ እታለምን ላስቀድማት ብዬ፣ ቀጥታ ወዳንቺ ነበር የመጣሁት። ስደርስ መሬቱ ጭድ ለብሶ ጠበቀኝ። አንቺ ዶማ ይዘሽ መሃሉ ላይ ነበርሽ፣ ቀና ብለሽም አላየሽኝ። ጅራፌን ይዤ መንገድ ላይ ተገትሬ ቀረሁ። አላፊ አግዳሚው፣ ምነው ደምለው፣ እህትህ ከለከለችህ እንዴ ይለኝ ጀመር። አፈርኩ፣ እታለም። ከሰው ፊት አፈርኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ይሄን ወሰን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይቃጠላል።

ይታይሽ፦ ልታስቀድመኝ መጥተህ ነበር?

ደምለው፦ አዎ።

ይታይሽ፦ ለምን አልነገርከኝም?

ደምለው፦ ምን ብዬ? ከጭድ ጋር ልጣላ?

ይታይሽ፦ ታዲያ ሣሩ ምን በደለህ? እኔን ነበር መጥተህ መስደብ።

ደምለው፦ አንቺን? አንቺን በምን አፌ እሰድባለሁ? አዝለሽ ያሳደግሽኝን?

ይታይሽ፦ አዝዬህ ነበር። እናታችን ታማ ተኝታ፣ እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ፣ አንተን አዝዬ ውሃ እቀዳ ነበር። ስታለቅስ ጀርባዬን ትነክሰኝ ነበር፣ ክፉ። ዛሬ አድገህ አንተም የሚታዘል አገኘህ፤ ይኸው አዝለኸው መጣህብኝ።

ደምለው፦ እንዲህ አትበዪ። እንዲህ ስትዪ አልወድም።

ይታይሽ፦ እኔስ ወድጄ ነው? ስማ ደምለው፣ ለምን እንደቆምኩ ልንገርህ። ከዚህ ሣር በታች ያለው ባቄላ አሁን ነው ብቅ ያለው። ቅጠሉ ገና ለጋ ነው። ዘንድሮ ይሄ ባቄላ ከተበላሸ ምን እንደሚመጣ እኔም አንተም እናውቃለን። ዘመድ ይሰበሰባል። ሴት ብቻዋን ሞክራ አልሆነላትም፣ ይበቃታል፣ መሬቷን ለደምለው መልሳ ታሳርስ ይባላል። እኔም ተመልሼ እዚህ እቀመጣለሁ። በሬ እጠብቃለሁ። አይደለም በለኝ።

ደምለው፦ ሰማዩ ጠቆረ።

ይታይሽ፦ ስለ ሰማዩ አልጠየቅኩህም።

ደምለው፦ ዝናቡ እንዳይቀድመኝ ብዬ ነው።

ይታይሽ፦ አታታልለኝ! እሱን ነው የምትፈልገው? እውነቱን ንገረኝ፣ አልቆጣህም።

ደምለው፦ እውነቱን? ሲከፋኝ አስቤዋለሁ። ሲበርድልኝ ደግሞ በራሴ አፍራለሁ። ግን ለዚያ ብዬ አይደለም የረጨሁት! ሰርዶው ይሞትልኛል፣ ቦታውም አንድ ሁለት ትልም ይጨምርልኛል ብዬ ነው። ይኸው፣ አወጣሁት። ወሰኑን አርሼ ስንዴ ልዘራበት ነው። ሣር ምን ይሠራል? ሣር አይበላ!

ይታይሽ፦ ላሜ ትበላዋለች። ላሟ በልታው ፍግ ትሰጠኛለች። ቆይ፣ እሱን ተወው። እዚህ ቆመህ ወደ ታች ተመልከት። ከእኔ ማሳ ያንተ ምን ያህል ከፍ ይላል?

ደምለው፦ ጉልበቴ ድረስ ይሆናል። ድሮም እንዲሁ ነው።

ይታይሽ፦ ድሮ እንዲሁ አልነበረም። አንተ ትንሽ ሆነህ ከዚያ ወደዚህ ትሮጥ ነበር፣ ሳትዘል ሳትወድቅ። እርከኑን ማን ሠራው?

ደምለው፦ አባባ ነዋ።

ይታይሽ፦ አባባ ድንጋይ ሲያነሣ አየኸው? ማንም አልሠራውም። ሣሩ ነው። በየክረምቱ ከላይ የሚታጠበውን አፈርህን እዚህ እየያዘ፣ ውሃውን ብቻ እያሳለፈ፣ ሲያጠራቅምልህ ኖረ። ያ ጥቁሩ መሬትህ፣ ስንዴው እስከ ወገብ የሚደርስበት፣ እዚህ ዳር አይደለም ያለው?

ደምለው፦ እዚህ ዳር ነው።

ይታይሽ፦ ሣሩ ላይ ተደግፎ ነው የቆመልህ።

ደምለው፦ ይሄን ደግሞ ማን አስተማረሽ? የግብርና ባለሙያዋ?

ይታይሽ፦ አንተ ነህ። እዚህ አስቀምጠህ በሬ ስታስጠብቀኝ ምን ላድርግ? ውሃው ሲወርድ አያለሁ። ከላይ ደፍርሶ ይመጣል፣ ሣሩ ውስጥ ይገባል፣ በእኔ በኩል ሲወጣ ጠርቶ ነው።

ደምለው፦ እሺ፣ እውነት ነው እንበል። ሣሩ ከሞተ አፈሬ ወደ ማን ሊሄድ ነው? ወዳንቺ! ደስ ሊልሽ ይገባ ነበር። ቁጭ ብለሽ የእኔን ጥቁር አፈር ትወስጃለሽ።

ይታይሽ፦ ብቻውን መጥቶልኝ ነው! ጎርፉን ይዞ ነው የሚመጣው፣ ጠጠሩን ይዞ ነው፣ ያን የረጨኸውን ነገር ይዞ ነው። እላዩ ላይ ሲቀመጥበት ባቄላዬ ይተነፍሳል? ደግሞስ አንተ ደህና ጥቁር አፈርህን አጥተህ ድንጋይ ስታርስ ማየት ለእኔ ምን ደስታ አለው? ወንድሜ አይደለህም?

ደምለው፦ አንቺ ሰው ማባበል አታውቂበትም፣ ስትናገሪ ግን... ቆይ። ምንድነው ይሄ? ተንጎደጎደ እንዴ?

ይታይሽ፦ አልሰማሁም።

ደምለው፦ ተንጎደጎደ! አንቺ... አንቺ እያዘገየሽኝ ነው!

ይታይሽ፦ እኔ?

ደምለው፦ ቁጭ በልና እንነጋገር! እጅህን ሰደድ አድርግ! ተመልከት፣ ቆይ፣ ስማ! ለካስ ዝናቡን እየጠበቅሽ ነው! ወይኔ ደምለው! እስከ መቼ ነው ደርቆ መዋል ያለበት ስትይኝ እንደ ጅል አንድ በአንድ ነገርኩሽ!

ይታይሽ፦ አሁን ገና ገባህ?

ደምለው፦ ዞር በይ! ቀልድ አይደለም፣ ዞር በይ አሁን! በዚህ በኩል...

ይታይሽ፦ በዚህም አለሁ።

ደምለው፦ እታለም፣ እረጨዋለሁ! ቀሚስሽን ቢነካ እኔ የለሁበትም!

ይታይሽ፦ ይንካዋ! ስንዱ ነገ ቀሚስሽ ምን ሆነ ስትለኝ ምን እላታለሁ?

ደምለው፦ በአባባ አፅም ይዤሻለሁ፣ ዞር በይ!

ይታይሽ፦ በአባባ አፅም? የእሱን ወሰን ልትገድል በእሱ አፅም ትለምነኛለህ? አታፍርም?

ደምለው፦ ለርጭት ያልኩትን ጊዜ ሁሉ አጠፋሽብኝ! ይሄን ፓምፕ የተዋስኩት ለዛሬ ብቻ ነው፣ ነገ ሌላ ሰው ይጠብቀዋል። ሰርዶው ደግሞ አይጠብቀኝም! የስንዱም ወገብ...

ይታይሽ፦ ጠብ አለ።

ደምለው፦ ምኑ?

ይታይሽ፦ እጄ ላይ ጠብ አለ።

ደምለው፦ ላብ ነው!

ይታይሽ፦ እሺ፣ ላብ ነው። አፍንጫህም ላይ አለብህ።

ደምለው፦ አይ! አይ! አይሆንም! አሁን? አሁን መዝነብ ነበረብህ? ተሳካልሽ! ደስ ይበልሽ! ይኸው፣ ወረደ! ዶፍ ዝናብ!

ይታይሽ፦ ግራሩ ሥር ግባ፣ ትበሰብሳለህ!

ደምለው፦ አንቺስ?

ይታይሽ፦ እኔ ከዚህ አልነቃነቅም። ዞር ስል ብትረጭስ?

ደምለው፦ በዝናብ ማን ይረጫል? እብድ! ነይ ግቢ!

ይታይሽ፦ አንተ ግባ! በረዶ ሳይቀላቅልበት!

ደምለው፦ እታለም!

ይታይሽ፦ ምን?

ደምለው፦ ነይ እስቲ! ነይ ቶሎ!

ይታይሽ፦ ምን ሆንክ?

ደምለው፦ ውሃው በትላንቱ ትልሜ ገባ! ሞልቶ መጣ... ሣሩን ነቀለው! የሞተውን ሣር ከነሥሩ አንሥቶ ወሰደው! ኧረ ተቦጨቀ! ዳሩ ተቦጨቀ!

ይታይሽ፦ የቱ ጋ? ከወሰን ድንጋዩ ወዲህ ነው ወዲያ?

ደምለው፦ ወዲህ! የረጨሁት ላይ! አፈሬ... እታለም፣ ጥቁሩ አፈሬ! ፍግ በአህያ እያጋዝኩ ያስገባሁበት! ይሄዳል፣ በዓይኔ እያየሁት ይሄዳል!

ይታይሽ፦ እኔ የቆምኩበትስ? ወደዚህ ተመልከት፣ እኔ ጋስ?

ደምለው፦ አንቺ ጋ... አንቺ ጋ ቆሟል። ከላይ ደፍርሶ ይመጣል፣ ሣሩ ውስጥ ይገባል... ጠርቶ ነው የሚወጣው። ወይኔ!

ይታይሽ፦ አሁን አታልቅስ፣ ሰው ሁን!

ደምለው፦ እታለም፣ ባቄላሽ! ጎርፉ ወደ ባቄላሽ ዞረ! የመጀመሪያው መደብ ላይ ደረሰ፣ ጠጠሩን እያንከባለለ ነው! ምን ቆመሻል፣ ባቄላሽ እኮ ነው!

ይታይሽ፦ እያየሁት ነው! ከማሳዬ ጥግ የበቆሎ አገዳ ታስሮ ተከምሯል። እሱን የተቦጨቀው ላይ እናጋድመው፣ ድንጋይ እንጫነው። ውሃውን ባያቆመውም ያበርደዋል።

ደምለው፦ ያ ሁሉ አገዳ? ለምን ብለሽ ነበር ያስቀመጥሽው?

ይታይሽ፦ ለጋቢ!

ደምለው፦ ከየት እንጀምር? ከላይ የእኔን ቦይ ልዝጋው?

ይታይሽ፦ አንተ ታውቃለህ። አፈርህ ከዚያ ነው የሚሄደው።

ደምለው፦ አይ። አፈሬ ይሂድ ትንሽ። ካንቺ ነው የምጀምረው፣ ባቄላው ለጋ ነው አላልሽም? ከባቄላው በላይ እናጋድመው።

ይታይሽ፦ ከእኔ አልክ?

ደምለው፦ ከአንቺ አልኩ! አሁን ነው ይሄን የምትጠይቂኝ? ነይ፣ እስሩን አንሥተሽ አሸክሚኝ እንጂ!

ይታይሽ፦ የት ላይ ላሸክምህ? ጀርባህ ተይዟል እኮ።

ደምለው፦ ወይ! ይሄ ለካ እላዬ ላይ ነው!

ይታይሽ፦ አውርደው፣ ደሜ። አልቀመጥበትም።